ለኳስ አሠልጣኝ ሽማግሌ ስንልክ

ከጎንደር የወጣንበት ምሽት ግቢያችን ሠርግ ቤት መስሎ ነበር። አውቶቡሱ ደጅ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ለእንትና አድርሱልኝ» የሚለውን ዕቃ ተሸክሞ ይገባል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተልባ ዱቄት፣ አንዲቷማ ለወንድሟ ልጅ ብላ ጌሾ ይዛ መጥታለች። አባቴ እምቢ ማለት አይሆንለትም። የሰጡትን ሁሉ ይቀበልና ሻንጣው አልዘጋ ሲለው ከእኔ ልብስ አንድ አንድ እያወጣ በአካባቢው ላለ ሰው ያድላል። ነገሩ ስለገባኝ የዩኒቨርሲቲያችንን የቅርጫት ኳስ ማልያ ከሸሚዜ ሥር ለበስኩት። እስራኤል የደረሰው የጎንደር ልብሴ እሱ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ቡድን ጋርድ ነበርኩ። ጋርድ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ኳሱን እያነጠረ አምጥቶ ሌላው እንዲያገባ የሚያቀብል፣ ቡድኑ ሲሸነፍ የሚሰደብ፣ ሲያሸንፍ የማይታወስ አጭር ሰው ማለት ነው። የቡድን ጓደኞቼ ሊሸኙኝ መጥተው «አዲሱ፣ በቃ ፕሮፌሽናል ልትሆን ነው፣ በቴሌቪዥን እናይሃለን» እያሉ ትከሻዬን ሲመቱኝ እኔም አመንኳቸው። ሰው አገሩን ሲለቅ የማያምነው ነገር የለም።

አውቶቡሱ ውስጥ የገባነው አባቴና እኔ ብቻ ነን። ታላቅ እህቴ ትርንጎ ደጅ ቀረች። እናታችን ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተች ያሳደገችኝ ትርንጎ ናት። ስንቄን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝና «አባባን እንዳታናድደው፤ ኳስህንም እንዳትተው» አለችኝ። አባቴ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ከኋላ ከኋላችን ትመጫለሽ» አላት። ለምን ቀረች ብትሉ፣ ወደ እስራኤል የመግቢያ ማመልከቻው በገባ ጊዜ ባለትዳር ስለነበረች ነው። ባለትዳር ለብቻዋ ትታያለች ተባለ። ከዚያ ወዲህ ከባሏ ተፋታለች፤ ፋይሏ ግን እስከ ዛሬ አልተፋታም።

መጀመሪያ ያረፍነው መርከዝ ክሊታ በሚሉት የአዲስ ገቢዎች መኖሪያ ነው። አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ፣ ሲከፈት የሚጮህ ፍሪጅ። ለጦር ሠራዊቱ ዕድሜህ አልፏል ተባልኩ፤ ቋንቋ ለመማር ግን ገና ሕፃን ነህ ተብዬ ኡልፓን ገባሁና የድመትና የውሻ ሥዕል እያሳዩ አስተማሩኝ። አባቴ ምግቡን እየቀመሰ ይተወው ነበር። «ይኼ ሕዝብ ሁሉንም ነገር ቀዝቃዛ ይበላል፤ ምን አጣደፈው?» ይል ነበር። ክረምቱ ደግሞ የተገለበጠ ነው። አገር ቤት ሰማዩ ተቀዶ ሲዘንብ እዚህ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሁለት ቀን ያፈስና ሰው ሁሉ ዓለም እንዳለቀ ያወራል። ሰላምታም የለም። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት እንደምን አደርክ ሳትለኝ «ለምን አታገባም?» ብላኛለች።

ከዚያ ወደ ክርያት ማላኪ ተዛወርን። እዚህ አባቴ ተነፈሰ። የአገሩ ሰው አለ፣ ሱቁ በአማርኛ ያስገባሃል፣ ለቅሶ አለ። ለቅሶ ያለበት አገር ለአባቴ አገር ነው። እኔ ያቭነ በሚገኝ የማሸጊያ ፋብሪካ ሥራ ያዝኩ። አባቴ ደግሞ ሥራው አንድ ሆነ፤ ትርንጎን ማስመጣት። በየጊዜው ነጠላውን ይለብስና «ተነሥ፣ የመግቢያ ፈቃድ ቢሮ እንሂድ» ይለኛል። እሱ ዕብራይስጥ ስለማይሆንለት አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን የሆነውን ላውጋችሁ። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን አየችና፦

«እህትህ ባለትዳር ናት» አለችኝ።

«ነበረች። ተፋታለች።»

«እዚህ ባለትዳር ይላል።»

«የፍቺ ወረቀቷ ይኸው።»

«ይኼ በአማርኛ ነው።»

ሄድን፣ አስተርጉመን ተመለስን። አነበበችውና ራሷን ነቀነቀች። «ቤሰደር፣ እሺ። አሁን ነጠላ መሆኗ ገብቶኛል። ግን ማመልከቻው ሲገባ አግብታ ነበር።»

«ታዲያ ምን ታድርግ?»

«ያኔ ማግባት አልነበረባትም።»

አባቴ ምን አለች ብሎ ጠየቀኝና ነገርኩት። ትንሽ አሰበ። «እውነቷን ነው። እኔም ያኔ ብዬ ነበር፣ ሰውዬው አላማረኝም» አለ። ጸሐፊዋ «ሳቭላኑት፣ ትዕግሥት ይኑራችሁ» ብላ ሸኘችን። ዓመታቱም በዚሁ ሄዱ።

ኳሱስ ካላችሁ፣ ያቭነ ውስጥ ከሥራ በኋላ ከፋብሪካ ልጆች ጋር ስጫወት ከአንድ የታችኛው ሊግ ቡድን ጋር ተዋወቅሁ። ከታች ስትቆጥሩት የመጀመሪያው ነው። ማልያህን ራስህ ታጥባለህ፣ ኳሶቹን በተራ ወደ ቤት ትወስዳለህ፣ ተመልካቹ የተጫዋቾች ሚስቶች ናቸው፤ እነሱም ስልካቸውን ነው የሚያዩት። የእኔ ችግር ጩኸት ነበር። እዚህ ጋርድ የሆነ ሰው መጮህ አለበት። «አንተ፣ ወደዚያ! አንተ፣ ተነሥ!» ማለት አለበት። ረጅሙ ተጫዋቻችን ደግሞ ጠጉሩ የሸበተ፣ የልጅ ልጅ ሊያይ የደረሰ ሰውዬ ነው። እንዴት አድርጌ ተነሥ ልበለው? ዕብራይስጥ ውስጥ አንቱ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ጭራሽ አላነጋግረውም ነበር፤ አጠገቡ ሮጬ ሄጄ በአክብሮት ኳሱን እሰጠዋለሁ። ዳኛው እንኳ ገርሞት አይቶኛል።

አባቴ ይህን ሁሉ ሲሰማ «ጢም አብቅለህ ኳስ ታባርራለህ» ይለኝ ነበር።

እንዲህ ሳለሁ ነው ሞቲ ያየኝ። ሞቲ ገዴራ ላለ አንድ ቡድን አሠልጣኝ ነው። ሥራ አስኪያጁም፣ የሚኒባሱ ሹፌርም፣ በጨዋታ ቀን ትኬት ቆራጩም እሱ ነው፤ ቀን ቀን ደግሞ የሰው ቤት የማቀዝቀዣ ማሽን ይጠግናል። ቡድኑ ከትልቁ ሊግ በታች የሚጫወት ስለሆነ ተጫዋቾቹ ሖዜ፣ ማለትም ውል፣ ይፈራረማሉ። ውል ያለው ተጫዋች ፕሮፌሽናል ነው። ሞቲ «ፈጣን ነህ፣ ና ከእኛ ጋር ተለማመድ፣ ሖዜውን በኋላ እናያለን» አለኝና በጋውን ሙሉ «በኋላ»ን ስጠብቅ ከረምኩ። ለጎንደር ልጆች ግን ፕሮፌሽናል ሆኛለሁ ብዬ ጻፍኩላቸው፤ ትንሽ ነው የቀደምኩት።

ለልምምድ እንዲቀርበኝ ብለን ገዴራ ቤት ልንከራይ ሞከርን። አከራዩ በስልክ ሥራዬን ሲሰማ ደስ አለው። «የቅርጫት ኳስ ተጫዋች! ልጄ ይወዳል፣ ኑ እዩት» አለ። ስንደርስ በሩን ከፈተና ጭንቅላት ይኖርበታል ብሎ ወደጠበቀው ቦታ ሽቅብ አየ። ቀስ ብሎ ዓይኑን አወረደ።

«ተጫዋቹ የታለ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ አጭር ነህ።»

«ጋርድ ነኝ።»

«እሱስ?» አለ አባቴን በነጠላው አይቶ።

«አባቴ ነው።»

«ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ?»

«እኛ ሁለት ነን፤ ሌላው ጎረቤት ነው።»

«ስንት ጎረቤት?»

ይህን ማንም ቆጥሮት አያውቅም። «እንደ ሐዘኑ፣ እንደ ደስታው ነው» አልኩት። አከራዩ ቤቱ መያዙን ትዝ አለው። መቼ ተያዘ ብለው፣ አሁን አለኝ። ስለዚህ ክርያት ማላኪ ቀረን፤ እኔም በአውቶቡስ እመላለሳለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ሞቲ «ቁመት ያንሰናል» ያለ ዕለት ነው። ስልክ ደወለ፣ አንድ ሁለት ወረቀት ላከ፣ ሳምንት ሳይሞላ ጄሮም የሚባል አሜሪካዊ ሻንጣውን እየጎተተ ልምምድ ሜዳ ገባ። ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ተለጥፏል። ጄሮም ጥሩ ልጅ ነው። ብቻውን መሆኑን አይቼ ለሰንበት ምሳ ቤታችን ወሰድኩት። በራችንን ለመግባት ጎንበስ ሲል አባቴ ሰላምታ የሰጠ መስሎት እሱም ጎንበስ አለ። ወጡን በእጁ ይበላ ጀመር፣ አቃጠለው፣ ደገመ፤ አባቴ ወደደው። ከዚያ በአማርኛ መጠየቅ ጀመረ።

«እዚህ ዘመድ አለው?»

«የለውም።»

«የኛ ሃይማኖት ነው?»

«የለም፣ ክርስቲያን ነው።»

«ታዲያ ማን አስገባው?»

«ሞቲ።»

«በስንት ጊዜ?»

«ሳምንት አልሞላም።»

አባቴ ሊጎርስ ያነሣውን ሳህኑ ላይ መለሰው። ጄሮምን ከራሱ እስከ እግሩ ድረስ አየው፤ ጥሩ ርቀት ነው። ከዚያች ቀን ወዲያ ስለ ኳስ አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። ከልምምድ ስመለስ «ሞቲ ደኅና ነው? ልጆቹ ደኅና ናቸው?» ይላል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምን እንዳሰበ አልገባኝም።

ምን እንዳሰበ የገባኝ አባ ፈረደ ቤታችን ሲመላለሱ ነው። አባ ፈረደን ታውቋቸዋላችሁ፣ በአገራቸው ሳሉ ደም የተቃባ ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው፤ እዚህ የትምህርት ቤት ግቢ ሲጠርጉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አብረዋቸው አያ ዳኘው አሉ። አያ ዳኘው ሽማግሌ ሆነው ሲሄዱ «እውነት ነው» ከማለት በቀር አይናገሩም፤ ግን ሲሉት ያስፈራል። አባቴ ወደ ሞቲ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ሴት ልጅ እንደሚጠየቅ፣ የተጣላ እንደሚታረቅ፣ በወጉ።

«አባባ፣ እዚህ እንደዚህ አይደረግም» አልኩት።

«ይኼን ሰው ያመጣ እሷን አያመጣም?» አለኝ። «ቢሮው ያለችው ሴትዮ ኃይል የላትም፣ አየኋት። ሞቲ ግን ኃይል አለው።»

ጄሮም እኮ መጥቷል። አባቴ ያየውን ነው የተናገረው። ሦስተኛው ሽማግሌ ወገባቸውን ታመሙና ቦታውን አንተ ሙላ ተባልኩ። ስለዚህ ከሽማግሌዎቹ አንዱም፣ አስተርጓሚውም፣ ሙከራ ላይ ያለው ተጫዋችም እኔው ሆንኩ።

ከአይሁድ አዲስ ዓመት በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው ልምምድ መሐል ገቡ። አባቴ ራሱ አይገባም፤ ላኪ አብሮ መሄዱ ነውር ስለሆነ ከውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሞ ቀረ። ኳሱ ቆመ። ሞቲ ተደናግጦ ወደ ቢሮው አስገባንና ወንበር አቀረበ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አባ ፈረደ። ተረጎምኩ።

የሞቲ ፊት ተለዋወጠ። መስኮቱን ገለጥ አድርጎ አየ፤ አባቴን በነጠላው ቆሞ አገኘው። «ውጭም አሉ? ስንት ናችሁ? ቴሌቪዥን ጠርታችኋል?» አለኝ። ሰልፍ የወጣንበት መስሎታል። «ንገራቸው፣ እኔ ዘረኛ አይደለሁም። የጥርስ ሐኪሜ ረዳት የእናንተ ልጅ ናት። ሖዜህን ያዘገየሁት በቀለምህ አይደለም፣ በአተኳኮስህ ነው።»

«እንደዚያ አይደለም፣ ሞቲ» ልለው ስል መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣ። ሖዜው ነበር። ስሜ አልተጻፈበትም። ቆሞ ስሜን ጻፈ፣ ቆሞ ፈረመ። «ዛሬ ልሰጥህ ነበር እኮ» አለ። በጋውን ሙሉ የጠበቅሁት ነገር በአያ ዳኘው ግርማ ሞገስ ተፈጸመ። ፕሮፌሽናል ሆንኩ። ፈረምኩ፤ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም፤ ትርንጎ ብታየኝ አልኩ።

አባ ፈረደ ወረቀቱን በአገጫቸው እያሳዩ «ምንድን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ጥሩ፣ እግዚአብሔር ይባርከው። መልካም ሰው ነው» አሉና ተቀመጡ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ወደ ጉዳያችን እንግባ።»

«ጉዳዩ ይኼ አልነበረም?» አለኝ ሞቲ።

ወጉ የሚጀምረው ከዘር ነው። አባ ፈረደ የትርንጎን ሰባት ትውልድ ቆጠሩለት፤ የተገኘ ልጅ፣ የበላይ፣ የእንግዳው፣ የወርቁ እያሉ እስከ ላይ። ሞቲ በጣቱ እየቆጠረ ይከተላል።

«ሰባት ሰው ነው እንዴ? ሰባቱም ሊመጡ ነው?»

«አይ፣ ሞተዋል።»

«ሁሉም?»

«ከአባቴ በቀር።»

ሞቲ ተነሥቶ ቆመ፣ ለአባ ፈረደ እጁን ዘረጋና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። ተረጎምኩ። አባ ፈረደ በጣም ነካቸው፤ ለወርቁ ያለቀሰ ሰው እዚህ አገር አላገኙም ነበር። «እውነት ነው» አሉ አያ ዳኘው።

«ጌታው» አሉ ከዚያ አባ ፈረደ፣ «ይኼን የሚያህል ሰው ከባሕር ማዶ አምጥተዋል። ሁለት ሰው ያህላል። የኛዪቱ ቀጭን ናት፣ ቦታ አትይዝም። ልጃችንን ሰጥተንዎታል፤ እርስዎ ደግሞ ልጃችንን ይስጡን። አባቷ እያረጀ ነው። ሳያያት እንዳይሞት ነው የመጣነው።»

መጨረሻዋን ስተረጉም ድምፄ ተሰበረ። ሞቲ ቀና ብሎ አየኝና የቀልድ ፊቱ ጠፋ። የውኃ ኮዳ ከፍቶ ለሽማግሌዎቹ ቀዳላቸው። «አዲሱ፣ ይኼ የእኔ ሥራ አይደለም፣ ቪዛው ለተጫዋች ነው» አለኝ ዝቅ ብሎ። ከዚያ ሦስት ሰው እንደዚያ ዓይን ዓይኑን ሲያየው አላስቻለውም መሰለኝ፣ «እናያለን። አሐሬ ሃሐጊም። ቤሰደር ይሆናል» አለ።

አሐሬ ሃሐጊም ከበዓላቱ በኋላ ማለት ነው። እዚህ አገር ሰው ሊያደርገው የማይፈልገውን ነገር ሁሉ የሚልከው ወደዚያ ነው፤ የቧንቧውን ጥገና፣ የጥርሱን ሕክምና፣ የሚስቱን እናት ጉብኝት። ይህን እንዳለ ተረጎምኩላቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩና መረቁት።

በአውቶቡሱ ላይ «እምቢ ማለቱ እኮ ነው» አልኳቸው።

አባ ፈረደ በትዕግሥት አዩኝ። «አንተ ልጅ ነህ። እምቢ የሚል ሰው አያስቀምጥም፣ ውኃ አይሰጥም፣ ቀጠሮም አይሰጥም። ሞቲ ሦስቱንም አደረገ። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቢኖር እሱን ነበር የምጠረጥረው፤ ልጅ ሲጠየቅ ወዲያው እሺ የሚል ማነው?»

«እውነት ነው» አሉ አያ ዳኘው።

አባቴ ቤት እንደገባን ጫማውን ሳያወልቅ ለትርንጎ ደወለ። «ቀጠሮ ሰጡን» አላት። እኔ ከጎኑ ሆኜ በእጄ ምልክት አሳየዋለሁ፤ ዞር አለብኝ። በስልኩ ውስጥ እልልታዋን ሰማሁ። ከኋላዋ ጎረቤቶቿም እልል አሉ።

በዓላቱ መጡ፣ አለፉ። ሊጉ ተጀመረ። የመጀመሪያው ጨዋታችን ላይ አባቴ አባ ፈረደንና አያ ዳኘውን ይዞ መጣ። አንዲት ሦስት ነጥብ አግብቼ ወደ እነሱ ዞር ስል ሦስቱም የሚያዩት ሞቲን ነበር። ሞቲ ሲጮህ ይጨነቃሉ፣ ሲስቅ ይስቃሉ። ጠላታቸው ዳኛው ሆነ፤ ሞቲን አናዶታልና።

ወደ ቀጠሮው ግን አልሄዱም። እኔ ሳልጠይቅ አባቴ ነገረኝ፤ «ሥግድም በዓል ነው። ከበዓላቱ በኋላ ተብለን በበዓላቱ መሐል መሄድ ማጣደፍ ይሆናል።» ሞቲ ሥግድ የሚባል የእኛ የቤተ እስራኤሎች በዓል መኖሩን ያውቅ እንደሆን እግዚአብሔር ይወቅ። እነሱ ግን ለሞቲ ክብር ሲሉ ጠበቁት።

በዚሁ መሐል ጄሮም ሄደ። ቆጵሮስ ያለ የተሻለ ቡድን ጠራውና ተሳስመን ተለያየን። እኔ አዘንኩ፤ ኳስ የማቀብለው ሰው አጣሁ። አባቴ ዜናውን ሲሰማ «ታዲያ ቦታው ባዶ ነው» አለ።

ሥግድ ባለፈ በማግስቱ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደገና ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። ሞቲ ተሸንፎ ተሸንፎ ደክሞታል። ስለ ቀጠሮው ምንም አላስታወሰም፤ ደግነቱ ግን በዚህ ጊዜ አልደነገጠም።

«ቦታው ባዶ ሆኗል ሲባል ሰማን» አሉ አባ ፈረደ።

«ሆኗል» አለ ሞቲ። «ረጅም ሰው ነው የምፈልገው።» ከዚያ ድካሙም ይሁን ደግነቱ እንጃ፣ ሣቅ ብሎ «ቁመቷ ስንት ነው?» አለኝ።

አልተረጎምኩም። አባ ፈረደ «ምን አለ?» አሉ። «ቀለደ» አልኳቸው። «ምን ብሎ?» አሉ። ሽማግሌ ይዋሻል እንዴ፣ ሦስተኛው ሽማግሌ እኔ ነኝ፤ ነገርኳቸው።

አልሣቁም። «ጠየቀ ማለት ነው» አሉ። «በኛ አገር ዘሯን ይጠይቃሉ። እዚህ ቁመቷን ይጠይቃሉ። ምን ያስቃል? ሊወስዳት ያላሰበ ምን ቁመት ያስጠይቀዋል?» ተነሡ፣ የሞቲን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ፣ «መልሱን ይዘን እንመጣለን» ብለው ወጡ። በሩ ሲዘጋ ሞቲ «ተቆጡብኝ?» አለኝ። «የለም፣ ወደዱህ» አልኩት። ከዚያ ልምምድ ገባሁ፤ ኳስ ከእጄ እየወጣ ሲያስቸግረኝ ዋለ።

ያን ሁሉ ሳምንት አባቴን ላስረዳው ሞከርኩ። ሞቲ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው፣ መንግሥት አይደለም አልኩት። ቪዛው ኳስ ለሚጫወት ነው አልኩት። «አንተንስ ማን አስተማረህ? ኳሱን የገዛችልህ እሷ አይደለችም?» አለኝ። ገዝታልኛለች፣ እውነት ነው። ከዚያ ወዲያ ክርክሩን ተውኩ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትርንጎ ደወለች። አባቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፣ አፍ አፌን ያያል።

«ወንድምዓለም፣ ደኅና ነህ? ቡድንህስ?» አለችኝ።

«ደኅና ነኝ እታለም። አንቺስ?»

«እኔማ ተለክቼልሃለሁ። አባባ ተለኪና ንገሪን ብሎኝ አልነበር? አናጢው ሜትሩን ይዞ መጥቶ በር ላይ አቁሞ ለካኝ። ጫማዬን አውልቄ ነው ደግሞ፣ በኋላ አጭበረበረች እንዳይሉህ።» ሣቀች። ሣቋ ያው የድሮው ነው። «አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት። ጠጉሬ ቢቆጠር ትንሽ ይጨምራል።»

ወደ አባቴ ቀና አልኩ።

«አዲሱ፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማሻለሁ።»

«ያንሳል እንዴ?»

አባቴ አንገቱን አስግጓል። ስልኩን ከጆሮዬ ላይ አንሥቼ ልንገረው አልኩ፣ ልንገራት አልኩ፤ አልቻልኩም።

«አያንስም እታለም፣ አያንስም» አልኳት።

አባቴ ይህን ሲሰማ ነጠላውን አነሣና ለአባ ፈረደ ሊነግር ወጣ።